ጫማው ከቤት፣ ላባው ከካትማንዱ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ሰው ስለ ትዳርና ስለ ፍቅር በሚጽፍበት ዓምድ እኔ ስለ ጫማና ስለ ጃኬት መጻፌ ሊያስቅዎት ይችላል። እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱ ነው።

እንደ እህት የማያት የልጅነት ጓደኛ አለችኝ። «አንድ ቀን ኔፓል ሄደን እስከ ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ በእግራችን እንወጣለን» ስንባባል ኖረን፣ ዘንድሮ ለጥቅምት ቲኬት ቆረጥን። እሷ ተራራ የለመደች ናት። እኔ ከአንድ ቀን በላይ የእግር ጉዞ አድርጌ አላውቅም። ካጠራቀምኩት ገንዘብ አብዛኛውን ቲኬቱ ወሰደው።

አሁን ያልተስማማነው በዕቃው ነው። እሷ «ምንም ይዘሽ አትምጪ። ካትማንዱ ውስጥ ታሜል የሚባል ሰፈር አለ፤ ከካልሲ እስከ ድንኳን በርካሽ ሞልቷል። ባዶ ሻንጣ ይዘን ሄደን እዚያ እንለብሳለን» ትላለች። እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ግማሹ ሰው «እዚያ ያለው ሁሉ ፎርጅድ ነው፣ ብርድ ይገድልሻል» ይላል፤ ግማሹ «ከአገሩ ተሸክሞ የሄደ ሞኝ ነው» ይላል። ታላቅ ወንድሜ ከብዙ ዓመት በፊት ገዝቶ እምብዛም ያልተጫማው የተራራ ጫማ አለው። ለእኔ ትንሽ ይሰፋል፤ እሱ ግን «በወፍራም ካልሲ ይሆንሻል፣ ውሰጂው» ብሎኛል። ድንኳንና የጋዝ ምድጃም ከሥራ ባልደረባዬ መዋስ እችላለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ጓደኛዬ የምትገዛው ጥሩ ጥሩውን ነው። አብሬያት ሱቅ ገብቼ «ይህ ለእኔ ውድ ነው» ማለት ያሳፍረኛል። ገንዘብ እንዳጠረኝ ልነግራት ሞክሬ ነበር፤ «ስለ ገንዘብ አታስቢ፣ እኔ አለሁ» ብላ ወሬውን ዘጋችው። በሰው ገንዘብ ለብሼ መሄድ ደግሞ አልፈልግም። ሁሉንም ከዚሁ ገዝቼ ልሂድ? እሷን አምኜ ባዶ እጄን ልሂድ? ወይስ ቲኬቱን መልሼ ይቅርብኝ?

ብርዱን የፈራሁት ነኝ

መልስ፦

እህቴ፣ አልሳቅኩም። ደብዳቤሽን ስጀምረው ስለ ዕቃ ብቻ የጻፍሽ መስሎኝ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ከዕቃው የከበደሽ ሌላ ነገር እንደሆነ ገባኝ። ለዓመታት ያለምሽውን ጉዞ «ይቅርብኝ» እስከማለት ያደረሰሽ የላባ ጃኬት አይመስለኝም። ቢሆንም ከዕቃው እንጀምር። የዕቃው ዝርዝር ሲያጥር የገንዘቡም ጭንቀት አብሮ ይቀላል፤ ከጓደኛሽ ጋር የምታወሩትም ያን ያህል የሚያስፈራ አይሆንም።

በመጀመሪያ ከላይሽ ላይ አንድ ሸክም ላውርድልሽ። ድንኳኑንና ምድጃውን ለባልደረባሽ ተይለት። የእግር ጉዞው ከሚጀመርባት ከሉክላ ተነስቶ ከቤዝ ካምፑ በፊት የመጨረሻዋ መንደር እስከሆነችው ጎራክ ሼፕ ባለው መንገድ በየጥቂት ሰዓቱ ሎጅ አለ። አልጋው፣ ብርድ ልብሱና ትኩስ ምግቡ እዚያው ነው። ቤዝ ካምፑ ላይ ድንኳን ተክለው የሚያድሩት በአብዛኛው ጫፉ ድረስ የሚወጡት ናቸው፤ እናንተ ደርሳችሁ፣ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። የጋዝ ቆርቆሮ ደግሞ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይገባም። ወደፊት ሎጅ በሌለበት መንገድ ከሄድሽ፣ ምድጃውን አጽድተሽ ከቤት ትወስጃለሽ፤ ጋዙን በደረስሽበት ከተማ ትገዣለሽ፤ ከመግዛትሽ በፊት የቆርቆሮው አፍ ከምድጃሽ ጋር መግጠሙን ታያለሽ። ለአሁኑ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግሽም። ጓደኛሽ «እስከ ድንኳን» ያለችው ስለ ሱቁ ብዛት ልትነግርሽ ብላ ይመስለኛል።

«ሁሉንም ከዚሁ ገዝቼ ልሂድ» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ወደ ሉክላ የምትበረው ትንሽ አውሮፕላን ለአንድ ሰው የምትፈቅደው ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ነው፤ የእጅ ሻንጣሽም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ትልቅ ሻንጣ ሞልተሽ ብትሄጂ ግማሹ ካትማንዱ ሆቴል ተቀምጦ ይጠብቅሻል።

እንግዲህ የሚቀረው «ከቤት ወይስ ከዚያ» የሚለው ነው። ለሁሉም ዕቃ አንድ መልስ የለውም፤ ኢንተርኔቱ ግራ ያጋባሽ አንድ መልስ ስለፈለገለት ነው። እኔ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይህ ነገር መንገድ በጀመርኩ በአራተኛው ቀን ቢበላሽብኝ ምን ይገጥመኛል? ኮፍያ ቢቀደድ ሌላ ይገዛል። ሻንጣ ቢተረተር ይሰፋል። ጫማ እግርሽን ከላጠው ግን ጉዞው ያኔ አበቃ።

ስለዚህ ስለ ጫማው ረዘም አድርገን እንነጋገር። ወንድምሽ ከልቡ እንደሰጠሽ አውቃለሁ፤ አመስግነሽ መልሺለት። የመጀመሪያው ምክንያት መስፋቱ ነው። ሰፊ ጫማ በወፍራም ካልሲ ሲሞላ የሆነ ይመስላል፤ ዳገቱንም ያስኬዳል። ቁልቁለቱ ላይ ግን እግር ወደፊት እየተንሸራተተ ጣቶችሽ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫሉ፤ ተረከዝሽ እየተፋተገ ውሃ ይቋጥራል። እስከ ቤዝ ካምፕ ወጥቶ መመለስ ደግሞ ብዙ ቁልቁለት አለው። ሁለተኛውን ምክንያት ብዙ ሰው አያውቀውም። የተራራ ጫማ መሀል ሶሉ ብዙውን ጊዜ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ይሠራል። ይህ ነገር ባይጫሙትም በአየር እርጥበት ብቻ ከዓመታት በኋላ ይፈረካከሳል። ከላይ ሲታይ አዲስ የሚመስል፣ ሳጥን ውስጥ የኖረ ጫማ መንገድ ላይ ሶሉ ተገንጥሎ የሚወድቀው ለዚህ ነው። እንዲያውም ሳይጫሙት የተቀመጠው ከሚጫሙት ይብሳል ይባላል። እናም «እምብዛም አልተጫማውም» ያልሽው ለእኔ ማስጠንቀቂያ እንጂ ማባበያ አይደለም።

ገንዘብ ማውጣት ካለብሽ እዚህ ላይ አውጪ፤ ከመሄድሽም በፊት ባለሽበት ግዢ። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ትንሽ ስለሚያብጥ ሱቅ የምትሄጂው ከሰዓት በኋላ ይሁን። የምትጓዥበትን ካልሲ ይዘሽ ሂጂ። ክሩን ሳታስሪ እግርሽን እስከ ፊት ገፍተሽ ከተረከዝሽ ኋላ አንድ ጣት ከገባ ልኩ ደህና ነው። ከዚያ አስረሽ ደረጃ ውረጂበት፤ ጣትሽ ፊት ለፊት ከነካ አይሆንም፣ የቱንም ያህል ቢያምር። ከባድ ቆዳ ጫማ የግድ አይደለም። መንገዱ የተረገጠ ነው፤ ሶሉ የሚይዝ፣ ቁርጭምጭሚትሽን የሚደግፍ፣ እግርሽ የወደደው ቀለል ያለ ጫማ ይበቃል። እስከ ጥቅምት ድረስ ለሥራም ለመንገድም ተጫሚው። ስትበሪም እግርሽ ላይ አድርጊው፤ ሻንጣሽ መንገድ ላይ ቢቀር እንኳ ጫማሽ አብሮሽ ይደርሳል። ካትማንዱ ውስጥ አዲስ ጫማ ገዝቶ በማግስቱ ተራራ መጀመር ግን፣ ጫማው ኦርጅናልም ይሁን ፎርጅድ፣ አልመክርሽም።

አሁን ወደ ታሜል። ኢንተርኔት ላይ ያነበብሽው ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት አለው። ሰፈሩ ጠባብ መንገድ፣ ሱቅ በሱቅ ላይ ነው፤ የተሰቀለው ጃኬት አብዛኛው የታወቀ ምልክት ተሰፍቶበት እዚያው ወይም በአቅራቢያው አገር የተሠራ ኮፒ ነው። ሻጮቹ ይህን ከሰው አይደብቁም፤ ፊት ለፊት «ኦርጅናል ነው?» ብለሽ ብትጠይቂ ብዙዎቹ «የአገር ውስጥ ሥራ ነው» ይሉሻል። (ትንሽ ፈገግ ብለው ነው የሚሉት፤ አትቀየሚ።) በዚያው ሰፈር ግን በራሳቸው ስም የሚሠሩ የኔፓል ድርጅቶችም አሉ፤ ሸርፓ አድቬንቸር ጊር የሚባለው አንዱ ነው። ከታሜል ዳር ትሪዴቪ ማርግ በሚባለው መንገድ ላይ ደግሞ የትልልቆቹ ምልክቶች ሕጋዊ መደብሮች አሉ፤ ዋጋቸው ሌላ አገር ካለው ብዙም አያንስም። ተራራ ወጪዎች ሲመለሱ ሸጠውት የሚሄዱት ያገለገለ ዕቃም ይገኛል። በሰው የተፈተነ ስለሆነ አንዳንዴ ከአዲሱ ኮፒ ይሻላል።

ኮፒ ሁሉ ከንቱ አይደለም። የሱፍ ኮፍያ፣ የአንገት ልብስ፣ ፍሊስ ሹራብ፣ የጉዞ ሱሪ፣ ሸካሚ የሚይዝልሽ ትልቅ ቦርሳ፣ ስስ ጓንት፦ እነዚህን ከታሜል ያለ ስጋት ግዢ። የተሰፋበት ስም ምን እንደሚል ግድ አይስጥሽ፤ ለስሙ ብለሽም ተጨማሪ አትክፈይ። ስፌቱን እዪ፣ ዚፑን ደጋግመሽ ክፈቺ ዝጊ፣ ተከራከሪ። የዝናብ ጃኬት ግን ጠንቀቅ ይላል። ገልብጠሽ ውስጡን እዪ፤ በየስፌቱ ላይ ውሃ የሚያግድ ፕላስቲክ ካልተለጠፈ፣ ደረቱ ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ ዝናብ ያስገባል።

ጥቁር መነጽር ደግሞ ከመንገድ ዳር በፍጹም አትግዢ። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረርን 10 በመቶ ያህል ይጨምረዋል፤ በረዶ ካለ ደግሞ ጨረሩ ከታችም ተመልሶ ይመጣል። ጨረር የማያግድ ጥቁር መስታወት ባዶ ዓይን ከመሆንም ይብሳል፤ ጨለማው የዓይንሽን ብሌን ያሰፋና ጨረሩን በሰፊው ያስገባዋል። ጨረር ማገዱ የታወቀ መነጽር ከቤት ይዘሽ ሂጂ። ግንባር ላይ የሚታሰረውን ባትሪና ፓወር ባንኩንም እንዲሁ። ፓወር ባንክ ከእጅ ሻንጣ ውጭ አይሄድም፤ የሚይዘው ኃይል 100 ዋት ሰዓት ካላለፈ ፈቃድ አይጠየቅበትም። 20,000 ሚሊአምፔር የሚባለው የተለመደው ዓይነት 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ አያስቸግርሽም።

የፈራሽው ብርድ ዘንድ ደረስን። ትልልቆቹ ሁለት ዕቃዎች፣ የላባ ጃኬቱና ስሊፒንግ ባጉ (ውስጡ ገብተው የሚተኙበት ሙቅ ከረጢት)፣ ዋጋቸውም ቦታቸውም ብዙ ነው። እነሱን ተከራዪ። ታሜል ውስጥ ቀን ቆጥረው የሚያከራዩ ሱቆች ብዙ ናቸው። ተመልሰሽ ሌላ ተራራ መውጣትሽን እርግጠኛ ባልሆንሽበት ነገር ላይ ገንዘብሽን አታስሪ። የቀኑን ኪራይ በጉዞ ቀናትሽ አባዢውና ከመግዣው ዋጋ ጋር አስተያዪው፤ ኪራዩ ግማሹን ካለፈ ያኔ መግዛትን ማሰብ ትችያለሽ።

ብርዱ ራሱ ምን ያህል ነው? በመንገዳችሁ ካሉት መንደሮች ናምቼ ባዛር 3,440 ሜትር ላይ ናት፣ ዲንግቦቼ 4,410፣ ጎራክ ሼፕ ከ5,100 ትበልጣለች፣ ቤዝ ካምፑ 5,364 ነው። በጥቅምት ሌሊት ከላይኞቹ መንደሮች ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ መውረድ ያለ ነው። በሎጆቹ እሳት የሚነደው መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ብቻ ነው፤ መኝታ ክፍሉ ስስ ግድግዳ እንጂ ማሞቂያ የለውም። ብርድ ልብስ ይሰጣሉ፤ ሰው በሚበዛበት ወር ግን ለሁሉም ላይዳረስ ይችላል። ስለዚህ ስሊፒንግ ባጉ ደህና መሆን አለበት።

ሲያሳዩሽ «ይህ ማይነስ 20 ነው» ይሉሻል። በዓለም አቀፉ መለኪያ የተፈተነ ስሊፒንግ ባግ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ብዙ ናቸው፦ አንደኛው የሚመች እንቅልፍ የሚተኙበት፣ ሁለተኛው ተኮራምተው የሚያድሩበት ወሰን፣ ሦስተኛው ሕይወት ብቻ የሚተርፍበት። የመጀመሪያው የተሰላው በሴት ሰውነት ነው፣ ሁለተኛው በወንድ። አንቺ የምታዪው የመጀመሪያውን ነው። ደረቱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሁልጊዜ እሱ አይደለም፤ ኮፒዎቹ ላይ ደግሞ ማንም ሳይፈትነው የተጻፈ ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ተይውና እጅሽን እመኚ። ከከረጢቱ አውጥተው ይዘርጉልሽ። ትንሽ ጠብቀሽ ጨምቂውና ልቀቂው፤ ወዲያው ተነፍቶ ከተነሳ ላባው ሕያው ነው፣ ተጨምድዶ ከቀረ ግን ደክሟል። ወደ ብርሃን ያዢው፤ ላባው አንድ ጥግ ተሰብስቦ ሌላው ባዶ ጨርቅ ከሆነ በዚያ በኩል ትበርጃለሽ። በመዳፍሽ ስታሺው እንደ እሾህ የሚወጋሽ ከበዛ ከለስላሳው ላባ ይልቅ ጠንካራው ሞልቶበታል ማለት ነው። አሽትቺው። ውስጡ ገብተሽ ዚፑን እስከ አንገትሽ ዝጊው፤ ሱቅ ውስጥ መሬት ላይ መተኛት ቢያሳፍርሽም ግቢበት፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ጃኬቱንም በዚያው መንገድ ፈትኚው፤ በተጨማሪ ከሥሩ ፍሊስ ለብሰሽ ልኪው።

የተከራየ ነገር ውስጥ መተኛት ከቀፈፈሽ፣ ከስስ ጨርቅ እንደ ትራስ ልብስ የተሰፋ ረጅም ከረጢት ከቤት ይዘሽ ሂጂ። ቀላል ነው፣ በርካሽ ይሰፋል፣ ሙቀትም ይጨምራል።

በኪራይ ላይ ሁለት ነገር አስታውሺ። ማስያዣ ሲጠይቁሽ ገንዘብ ስጪ እንጂ ፓስፖርትሽን አትስጪ፤ መንገዳችሁ ወደሚያልፍበት ወደ ሳጋርማታ ብሔራዊ ፓርክ ስትገቢ ትጠየቂበታለሽ። የኪራዩንም ቀን አጥብበሽ አትቁረጪ። የሉክላ በረራ በጉም ይቆማል፤ ሰዎች ቀን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠብቃሉ። «ብንዘገይ የቀኑ ስንት ነው?» ብለሽ አስቀድመሽ ተስማሚና ደረሰኙ ላይ አስጽፊው። ስትረከቢም ያለውን ቀዳዳና እድፍ እያሳየሻቸው በስልክሽ ፎቶ አንሺ።

ለዚህ ሁሉ ካትማንዱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልጋችኋል። ሰው በሚበዛበት ወቅት ብዙዎቹ የሉክላ በረራዎች የሚነሱት ከካትማንዱ ሳይሆን አራትና አምስት ሰዓት በመኪና ከሚያስኬደው ከራሜቻፕ ነው፤ ለዚያ ደግሞ በእኩለ ሌሊት መነሳት ይመጣል። ማታ ደርሳችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ሱቅ ሊዘጋ ሲል የምትከራዩት ስሊፒንግ ባግ ማንም ያልፈለገው ነው የሚሆነው። ዳሻይን የሚባለው ትልቁ በዓላቸውም በዚያው ሰሞን ስለሚውል፣ የዘንድሮውን ቀን አይታችሁ የገበያ ቀናችሁን ከእሱ አርቁ፤ የሚዘጉ ሱቆች አሉ።

አንድ ነገር ቢረሳሽ ዓለም አይገለበጥም። ናምቼ ላይ ሰውነታችሁ ከፍታውን እንዲለምድ ሁለት ሌሊት ታድራላችሁ፤ እዚያ ደህና የዕቃ ሱቆች አሉ፣ ዋጋው ከካትማንዱ ቢወደድም። ጓንትሽ ቢሳሳ እዚያ ወፍራም ትገዣለሽ። ከናምቼ በላይ ግን በሱቅ አትተማመኚ። ናምቼ የገባሽበት ማታ ሻንጣሽን አልጋው ላይ ዘርግፈሽ የጎደለውን ቁጠሪ።

አሁን ጓደኛሽ። «እኔ አለሁ» ስትልሽ ምን ተሰማሽ? መናደድ ነው፣ ማፈር ነው፣ ወይስ ሳትሰማሽ እንደዘጋችብሽ ነው የቆጠርሽው? ይህን የምጠይቅሽ መልሱ የምትነግሪያትን ነገር ስለሚለውጠው ነው። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ እሷ በፍቅር ነው የተናገረችው፤ ግን ልትነግሪያት የፈለግሽውን ሳትጨርሺ በይሉኝታ ዝም አልሽ። ይሉኝታው ካትማንዱ ድረስ ከተከተለሽ ሱቅ ውስጥ ከአቅምሽ በላይ ትገዣለሽ፣ ወይም ደግሞ ብርድ የሚያስገባውን ርካሽ ይዘሽ «ይበቃኛል» ትያለሽ። ሁለቱም ተራራው ላይ ቅያሜ ሆኖ ይወጣል። በከፍታ ላይ ሰው ሲደክመው ሆደ ባሻ ይሆናል፤ ያልተነገረ ነገር ይዞ መውጣት አያዋጣም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ በስልክ ሳይሆን ተገናኝታችሁ፣ ቁጥር ይዘሽ አነጋግሪያት። «ገንዘብ አጥሮኛል» ብትያት እንደገና «እኔ አለሁ» ትልሻለች፤ ንግግሩም እዚያው ያልቃል። ይልቅ እንዲህ በያት፦ «ለዕቃ ያለኝ ይህን ያህል ነው። ጫማውን ከዚሁ ገዝቼ እመጣለሁ፤ ጃኬትና ስሊፒንግ ባግ እከራያለሁ፤ የቀረውን ከታሜል። አንቺ የፈለግሽውን ግዢ፤ እኔን ግን በዚህ ዝርዝር እርጂኝ።» ስትሰማሽ፣ ያዘንሽ ወይም የተቸገርሽ ሳትሆን አስበሽ የወሰንሽ ሰው ሆነሽ ነው የምትታዪው። ሱቅ ስትደርሱም እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ብትገዙ ምንም ነውር የለውም፤ ጠዋት ተለያይታችሁ ምሳ ላይ መገናኘት ትችላላችሁ።

አንድ ተጨማሪ ሐሳብ አለኝ፣ መወሰኑ የአንቺ ነው። ተራራ የለመደች ሴት ቤቷ የማትጠቀምበት ትርፍ ዕቃ አይጠፋም፦ መመርኮዣ ዱላ፣ ወፍራም ጓንት፣ ከውስጥ የሚለበስ ሙቅ ልብስ። ገንዘቧን መቀበል ከከበደሽ ዕቃዋን መዋስስ? ተመላሽ ነገር እዳ አይሆንብሽም፤ እሷም «አለሁ» ያለችውን በሥራ ታሳይበታለች። ዱላ በውሰት ስትወስጂ ዘርግተሽ፣ ቆልፈሽ፣ በሙሉ ክብደትሽ ተጫኚው፤ ከተንሸራተተ ጥሩ ጓደኛም ብትሰጥሽ አትውሰጂው።

ቲኬቱን ስለመመለስ ያልሽውን አሁን አልመልስልሽም፤ እስቲ መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሪ። አዲሱን ጫማ አድርገሽ፣ ቦርሳ ተሸክመሽ፣ ሁለት ቀን በተከታታይ ረጅም መንገድ ሂጂ። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ስትነሺ ምን ተሰማሽ? እግርሽ አመመሽ ወይስ ልብሽ አልፈለገም? የመጀመሪያው ከሆነ የሚለመድ ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ ለጓደኛሽ መንገሩ ይከብድ ይሆናል፣ ግን ሊነገር የሚገባው ያ ነው።

ከሄድሽ፣ በኪራይ ያተረፍሽውን ገንዘብ ሌላ ጃኬት አትግዢበት። ከ5,000 ሜትር በላይ የሚሸፍንና በሄሊኮፕተር ማውረድን የሚያካትት የጉዞ ኢንሹራንስ ግቢበት፤ ብዙዎቹ ተራ ኢንሹራንሶች ከተወሰነ ከፍታ በላይ አይሸፍኑም፣ ስለዚህ ውሉን አንብቢ። ስለ ከፍታ ሕመምም ሐኪም አማክሪ፤ ብርድን ጃኬት ይመክተዋል፣ እሱን ግን የሚያስቆመው ቀስ ብሎ መውጣትና ሲብስ ወዲያው መውረድ ነው። ስትመለሱ ደግሞ የማትፈልጉት ሙቅ ልብስ ካለ፣ ታሜል ውስጥ ኪፕ በሚል አጭር ስሙ የሚጠራ ድርጅት ለሸካሚዎች ልብስ የሚያውስበት ማከማቻ አለው፤ ሻንጣችሁ ከከበደ እዚያ ትታችሁት መምጣት ትችላላችሁ።

ጓደኛሽ ዝርዝሩን አይታ ምን እንዳለች ጻፊልኝ።